ለጥሩዓለም ማን ይንገራት

የጥሩዓለም አባት ማረፋቸውን ያየሁት ረቡዕ፣ የሚስስ ኮቫልቹክን አልጋ እያነጠፍኩ ነው። ስልኬ ጮኸ። የከተማችን ልጆች የፌስቡክ ገጽ ነበር። የሳቸው ፎቶ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ከጎኑ የሻማ ሥዕል። ነፍስ ይማር ይላል። አንሶላውን ጥዬ ኮሪደር ወጣሁ።

ጥሩዓለም ምግብ አዳራሹ ውስጥ አሮጊቷን፣ ሚስስ ኮቫልቹክን፣ ምሳ እያበላች ነበር። እኔና እሷ እዚህ የአረጋውያን ቤት ሥራ ከገባን ቆይተናል፤ አንድ ፈረቃ ነን፣ አንድ አውቶቡስ ነው የምንሳፈረው።

ያንን ገጽ ኤድመንተን ያለ የአገራችን ልጅ ሁሉ ያየዋል። ጥሩዓለም ግን ትኖርበታለች። አገር ቤት ከተማችን ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ጭራሽ ብሶባታል። መንገዱ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ስኳር ገባ። ተኩስ ተሰማ፤ አይ፣ የሠርግ ርችት ነው። ቁርስ ላይ ዜና፣ አውቶቡስ ላይ ዜና። የሚሰማት ሰው ስታጣ ለሚስስ ኮቫልቹክ ሾርባ እያጎረሰች ትነግራታለች። ሴትየዋ የገዛ ልጆቿን ስም ረስታለች። የኛ ከተማ መንገድ መዘጋቱን ግን ታውቃለች።

ጋሽ ውብአንተ ጋ ደወልኩ። ታክሲ ነው የሚነዳው፤ የእድራችን ሰብሳቢም እሱ ነው።

«አይቻለሁ» አለኝ ገና ሃሎ ሳልል። «እንዳትነግሪያት።»

«ስልኩ እኮ ኪሷ ውስጥ ነው ጋሼ!»

«ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሥራ አይገባም። ተሰብስበን ቤቷ ሄደን እናረዳታለን። መርዶ እንደ ተራ ወሬ ሥራ ቦታ አይነገርም።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው!»

«እስከዚያ ስልኩን ያዢባት» ብሎ ዘጋው። ተሳፋሪ ይዟል።

ስልኩን ያዢባት! ከጥሩዓለም ስልክ ከመውሰድ ኩላሊት መውሰድ ይቀላል።

ገጹን ለሚያስተዳድረው ልጅ ጻፍኩለት። የከተማችንን ዜና የሚያወጣው ሲያትል ቁጭ ብሎ ነው። «ወንድሜ፣ ልጃቸው ገና አልተረዳችም፤ እባክህ ፎቶውን አውርደው።»

«እህቴ፣ ሕዝብ የማወቅ መብት አለው» ብሎ መለሰ።

«ልጅቷስ እንደ ሰው የመረዳት መብት የላትም?»

አውራ ጣት ላከልኝ። አውራ ጣት! ከፎቶው ሥር ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር እየተባለ ይጎርፋል፤ መሀል ላይ አንዱ የሚሸጥ ቦታ አለኝ ብሎ ስልክ ቁጥሩን አስቀምጧል።

ስለዚህ ሌባ ሆንኩ። መጀመሪያ ቻርጀሯን ከሳጥኗ አወጣሁ። ቀጥዬ ስልኳን ለመንኳት።

«ጥሩዬ፣ የኔ ሞቶብኛል። የልጄ ትምህርት ቤት ልደውልበት?»

ዘርግታ ሰጠችኝ። «አንቺው ጋ ይቆይ» አለች። «ዓይኔን አሞኛል።»

ስልኳን ለሰው ሰጥታ ይቆይ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ተመስገን ብዬ ወሰድኩ። ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ የለኝም፤ ሁለት ሰው ማጠብ ይቀረኛል።

ሐሙስ ሚስስ ኮቫልቹክ አፏን ከፍታ ጠበቀች፤ ሾርባው ገባ፣ ዜናው አልመጣም።

«መንገዱ ተከፈተ?» አለቻት።

«ተከፍቷል» አለች ጥሩዓለም። አገጯን ጠረገችላት። ሌላ አልጨመረችም።

ዓርብ ደግሞ ፈንታነሽ ልታበላሸው ነበር። ፈንታነሽ ወጥ ቤት ነው የምትሠራው፤ ምስጢር ከምትይዝ የጋለ ድስት በእጇ ብትይዝ ይሻላታል። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ጥሩዓለምን ስታይ ዓይኗ ሞላ። ሄዳ ተጠመጠመችባት።

«ምነው ፈንቴ?»

«ሽንኩርት ስከትፍ ውዬ ነው።»

«ዛሬ የምንሠራው ኬክ ብቻ ነው ያላችሁት አይደል?» አለቻት ጥሩዓለም።

ፈንታነሽን በክርኔ ጎሰምኳት። ጥሩዓለም ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻትና «አይዞሽ» አለቻት። ፈንታነሽ ይባስ ብላ ተንሰቀሰቀች። ጎትቼ አስወጣኋት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? አንድ ቀን ነው የቀረው!»

«ታሳዝነኛለቻ!»

«ታሳዝንሽ! ሽንት ቤት ገብተሽ ታሳዝንሽ!»

ቅዳሜ ጠዋት ከጥሩዓለም ሕንፃ ፊት ለፊት፣ በረዶ ላይ ቆመን እንጨቃጨቃለን። ጋሽ ውብአንተ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ አሁን ደግሞ መግባት ፈራ።

«አንቺ ጀምሪላት ትርንጎ፣ ጓደኛዋ ነሽ።»

«ሰብሳቢው አንተ ነህ! ቅዳሜ ያልከው አንተ ነህ!»

«እኔ መሐል ላይ እገባለሁ።»

«የምን መሐል? መርዶ መሐል አለው?»

ፈንታነሽ የምስር ወጥ ድስት አቅፋለች፤ ክዳኑ በብርዱ ይሁን በለቅሶዋ ይንቀጠቀጣል። ከኋላችን የቆሙት የእድሩ ሰዎች እግራቸውን ያነሳሉ፣ ይጥላሉ። በመጨረሻ ጋሽ ውብአንተን ከፊት አስቀድሜ ገፋሁት። ደረጃውን ሲወጣ የሚለውን ለራሱ ያነበንባል። «ያው እንግዲህ... የሰው ልጅ እንግዳ ነው... ጠንከር በዪ...»

በሩን ሳናንኳኳ ተከፈተ።

ጥሩዓለም ጥቁር ለብሳለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ከኋላዋ ሶፋው ግድግዳ ተጠግቷል፣ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል፣ ከሕንፃው አዳራሽ የተዋሰቻቸው ታጣፊ ወንበሮች ተደርድረዋል።

«ግቡ፣ ብርድ አታስገቡ» አለች። «ከነጋ መስኮት ላይ ነኝ። እዚያ ቆማችሁ ምንድን ነው የምትከራከሩት?»

የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ዞረ፤ የነገርኳት መስሏቸው ነው።

«እኔ አይደለሁም!» አልኩ። «መቼ ሰማሽ አንቺ?»

«ረቡዕ። ሾርባ እያበላሁ። ማንኪያው እጄ ላይ ነበር።»

«ረቡዕ!» ጮህኩ። ሊጮህበት የማይገባ በር ላይ ቆሜ ጮህኩ። «እና ሥራ ስትገቢ ከረምሽ? እኔን ሌባ አድርገሽ?»

«ቻርጀሬን አምጪ መጀመሪያ።»

ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠውና አፉን በጓንቱ አፈነ።

«ለምን አልነገርሽኝም ጥሩዬ?» አልኳት። አሁን ድምፄ ወርዷል።

«ምን ብዬ? መርዶ ለራሴ ልንገር?» ከንፈሯን ነከሰች። «ብቻዬን ቁጭ ብዬ ለስልክ ላልቅስለት? ሰው ይምጣና ይንገረኝ ብዬ ጠበቅኩ። ዛሬ ይመጣሉ ስል፣ ነገ ይመጣሉ ስል። አንቺ ቻርጀር ትሰርቂያለሽ፣ ይቺ እላዬ ላይ ታለቅሳለች፣ እኔው አባብላታለሁ። እኔው! የሞተው የኔ አባት!»

ፈንታነሽ ድስቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

ጥሩዓለም ሄዳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«በል ጋሼ» አለች። «እንደ ወጉ።»

ጋሽ ውብአንተ ኮፍያውን አወለቀ። በረዶው ጫማው ሥር ይቀልጣል። ያነበነበው ሁሉ ጠፋበት።

«ልጄ...» አለ። «አባትሽ...»

«ጨርሰው።»

«አባትሽ አርፈዋል።»

«አባባ!» አለች፤ ገና አሁን እንደሰማች። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ ረቡዕ የዋጠችው፣ ሐሙስ የዋጠችው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ፈንታነሽ ከእኛ ሁሉ ቀድማ አጠገቧ ደረሰች። አሁን ማልቀስ ይፈቀድላታል።

ከአንዱ ኪስ ስልክ ጮኸ። የዚያን ገጽ ድምፅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ማንም አላወጣውም።

እኔ ቻርጀሩን እንደያዝኩ ጎኗ ተቀመጥኩና አቀፍኳት። ለምን ረቡዕ እንዳልነገርኳት አልጠየቀችኝም።