ታይዋን ያልሆነ ዲናሞ

መካኒኩ አለልኝ ውጭ አገር፣ ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር ጋራዥ ከከፈተ ወዲህ የሚያናድደው ደንበኛ አንድ ዓይነት ነው፤ ዕቃውን ራሱ ኦንላይን ኦርደር አድርጎ የሚመጣ። መርካቶ እንደለመደው፣ አስመስሎ የተሠራ ዕቃን ሁሉ «ታይዋን» ይለዋል።

ነርሷ አይዳ ለመኪናዋ ዲናሞ ይዛ ስትመጣ ካርቶኑን እንኳ አልከፈተላትም።

«ታይዋን አልገጥምም! ኦሪጅናሉን ከመኪናው ካምፓኒ ዲለር አስመጣልሻለሁ።»

«ጋሼ አለልኝ፣ በግማሽ ዋጋ እኮ ነው ያገኘሁት!»

«እሱ ነዋ መንገድ ላይ የሚያስቀርሽ!»

አይዳ ተሸነፈች። በማግስቱ የዲለሩ ዲናሞ መጣ። አለልኝ ከካርቶኑ አውጥቶ በኩራት ሰጣት።

«ያዢው እስቲ፤ ክብደቱ ራሱ ይናገራል።»

አይዳ አገላብጣ አየችውና ጀርባው ላይ የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበች።

«ሜድ ኢን ታይዋን።»

አለልኝ ከእጇ ተቀብሎ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እሱማ» አለ ቆጣ ብሎ፣ «ኦሪጅናል ታይዋን ነው!»