የኢድ ግማሽ ሰዓት

ናዕማ ባድሩ አትዋሽም። ነገር ታስተካክላለች እንጂ። በዚያ የኢድ ጠዋት ያስተካከለችው ነገር ግን ከእጇ አምልጦ ሰፋባትና ከሲቀላ እስከ ምዕራብ ዓባያ ያለው ዘመድ ሁሉ ገባበት።

ነገሩ የተጀመረው ከኢድ ሰላት መልስ፣ ቤተሰቡ ገና ሳሎን ሳይገባ ነው። አባቷ ባድሩ ሲቀላ ገበያ ውስጥ የጫማ ጅምላ መደብር አለው። የረመዳንን የመጨረሻ ሳምንት ሙሉ «ወላሂ አያዋጣኝም!» ሲል ሰንብቶ ድምፁ ጭልጥ ብሎ ጠፍቷል። አፉን ሲከፍት የሚወጣው ከተበሳ ጎማ እንደሚወጣ አየር ያለ ነገር ነው። ይህ ግን ፕሮግራም ከማውጣት አላገደውም።

«መጀመሪያ እማማ ሻሺቱ ጋ» አለ በሹክሹክታ፣ የግራ እጁን አውራ ጣት አጥፎ። «ከዚያ እነ ሳላዲን ጋ። ከዚያ ሐጂ ቤት…» የግራ እጁ ጣቶች አለቁና ወደ ቀኙ ተሻገረ። «አጎታችሁ አቡበከር ደግሞ ማታ ከምዕራብ ዓባያ ይመጣል። በመሀል ፓርክ እንሄዳለን።»

«በመሀል ስንት ሰዓት?» አለች ናዕማ።

«ግማሽ ሰዓት።»

«አባዬ! ግማሽ ሰዓት እኮ የሽንት ቤት ሰልፍ ነው!»

«ጨዋታ ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ራስ ያዞራል» አለ ባድሩ። ይህንን የት እንዳነበበው የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት የጫማ ካርቶን ላይ ይሆናል።

የሰባት ዓመቷ ሰኪና ታላቅ እህቷን ትኩር ብላ አየቻት። ከጩኸት ይልቅ የሚያስፈራው ይሄ ነበር።

ምክንያቱም ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ነበር የሆነው። ወደ ሴቻ በሚያወጣው አስፋልት ዳር የተከፈተው የመጫወቻ ፓርክ ውስጥ አንድ ትልቅ ሽክርክሪት አለ፤ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሽክርክሪቱ ቀስ እያለ ወደ ሰማይ ያወጣዋል፣ መልሶ ያወርደዋል። ሰኪና ስለዚህ ሽክርክሪት ረመዳንን ሙሉ አውርታ ነበር። ኢድ ሲደርስ ግን በየዘመዱ ቤት ክትፎና ቆጮ ይቀርባል፤ «አንድ ጉርሻ ብቻ» ማለት ሁለት ሳህን ማለት ነው፤ ሁለት ሳህን ከተበላ በኋላ ደግሞ «ሳትበሉ ልትሄዱ ነው?» የሚባል ነገር አለ። ፓርኩ በር ሲደርሱ ጥበቃው ሰንሰለቱን እየቆለፈ ነበር። «ለከርሞ ያድርሳችሁ!» አላቸው፣ በጣም በትህትና። ሰኪና የበሩን ብረት በሁለት እጇ ይዛ አለቀቀችም። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀችው ናዕማ ናት። ያኔ ነው፣ «በሚቀጥለው ኢድ እኔና አንቺ ላይኛው ጫፍ ድረስ እንወጣለን። ቃሌ ነው» ያለቻት።

«ዘንድሮም ከቀረን» አለች ሰኪና አሁን፣ ጆሮዋ ላይ ተጠግታ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ምንም ብትይ አላምንሽም።»

ባድሩ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ለናዕማ ሰጣት። «ድምፅ የለኝም። ለሁሉም ደውይና መምጣታችንን ንገሪያቸው።»

አንዳንድ ዕድል እንዲህ ራሱ መጥቶ እጅ ላይ ይቀመጣል።

ናዕማ ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ ሮቶ ጀርባ ተደበቀች። ሰኪናም ተከትላት ቁጢጥ አለች። መጀመሪያ የተደወለለት አጎት አቡበከር ነበር።

«ኢድ ሙባረክ አጎቴ! አባዬ ምን አለ መሰለህ? ዘንድሮ ኢድን ፓርክ ነው የምናሳልፈው፣ ከነቤተሰብህ ና ብሏል። ከዙሁር ሰላት በኋላ።»

«ባድሩ? የኛው ባድሩ ነው እንዲህ ያለው?»

«ድምፁ ባይጠፋ ራሱ ይነግርህ ነበር።»

ቢያንስ ይቺኛዋ እውነት ነበረች።

«ማሻአላህ! በቃ በኢሱዙው ነው የምንመጣው፤ ሙዝም እንጭናለን!» አለና ዘጋው።

ቀጥሎ እማማ ሻሺቱ። የባድሩ አክስት ናቸው፤ በቤተሰቡ ውስጥ እሳቸው ሳይነሱ የሚነሳ፣ እሳቸው ሳይቀምሱ የሚቀምስ የለም።

«ፓርክ? እኔ? በዚህ ጉልበቴ?» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ለመሆኑ ወንበር አለው?»

«ሞልቶ እማማ። የሚንቀሳቀስም አለ።»

የቀሩት ቀላል ነበሩ። እንዲያውም የሐጂ ሚስት «አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ዕቃ ሳላጥብ ልውል ነው!» ብላ እልልታዋን በስልኩ ለቀቀችው።

«ደወልሽ?» አለ ባድሩ ስልኩን ሲቀበላት።

«ደውያለሁ አባዬ። ሁሉም በጣም ደስ ብሏቸዋል።»

ከዙሁር በኋላ ባጃጅ በኮንትራት ተያዘ። ሹፌሩ ኤርጫፎ የሚባል ነገረኛ ሰው ነው። ባድሩ ከፊት ከጎኑ ተሸጎጠ፤ እናትየው ዘቢደር ሳምቡሳ የሞላ ሳፋ ጭናቸው ላይ አድርገው ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር ከኋላ ተቀመጡ።

የእማማ ሻሺቱ በር ተዘግቷል። ባድሩ አንኳኳ፤ የመለሰለት ውሻው ብቻ ነው።

«ሐኪም ቤት ሄደው ይሆን?» አለ ደንግጦ።

«በኢድ ቀን?» አሉ ዘቢደር።

እነ ሳላዲን ቤት ደረሱ። ተዘግቷል። ሐጂ ቤት ደረሱ። በሩ ላይ ጡጫ የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«ጋሽ ባድሩ» አለ ኤርጫፎ መሪውን እየነካካ፣ «እነዚህ ዘመዶችህ ወይ ዕዳ አለባቸው ወይ አንተን አይተው ነው የሚሸሹት።»

ባድሩ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ አየር ብቻ ወጣ። ሰኪና ሳቋን ለማፈን የቀሚሷን ጫፍ ነክሳለች። ዘቢደር ዞር ብለው የትልቋን ልጃቸውን ፊት አዩ። ናዕማ የሳምቡሳውን ክዳን በጣም በጥንቃቄ እያስተካከለች ነበር። እናት ሻሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈገግታቸውን ደበቁበት።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። እማማ ሻሺቱ ስልክ ላይ ማውራት አያውቁም፤ ይጮኻሉ እንጂ። ባጃጁ በሙሉ ሰማቸው።

«አንተ ባድሩ! አገር ምድሩን ጠርተህ የት ቀረህ? ሁላችንም ፓርኩ በር ላይ ተገትረናል! አቡበከር ሙዙን ማን ያውርደው እያለ ነው!»

ባድሩ ስልኩን አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ።

«ናዕማ። ባድሩ።»

ከነአባቷ ስም ሲጠራት ነገር አለ ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጩኸቱ ሴቻ ይሰማ ነበር፤ ዛሬ ግን እንደ ድመት እፍ ከማለት በቀር አቅም አልነበረውም። አልተቆጣም ማለት አይደለም፣ ድምፅ የለውም ማለት ነው። ናዕማ ግን ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች፤ እፍታው ራሱ በቂ ነበር።

«ምን ልበላቸው?» አለች፣ ስልኩ አሁንም ክፍት ነው።

ባድሩ አሰበ። እንዴት ይበል? እኔ አልጠራኋችሁም ይበል? የሲቀላ ነጋዴ፣ በኢድ ቀን፣ እንግዳውን?

«መንገድ ላይ ነን በይ» አለ።

ፓርኩ በር ላይ ኢሱዙው ሙዝና ሕፃናት ጭኖ ቆሟል፤ የትኛው እንደሚበዛ ማወቅ አይቻልም። እማማ ሻሺቱ ከነከዘራቸው ወደ ባድሩ መጡና ግንባሩን ሳሙት።

«አላህ ይባርክህ! በየቤቱ ስንዞር፣ ስንበላ፣ ስንታመም ነበር የምንውለው። አንተ ብቻ አሰብክልን!»

ባድሩ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሊያስረዳ ሞከረ። አልወጣለትም።

«እዩት!» አለ አቡበከር ለተሰበሰበው ሰው። «ደስታ ድምፁን ነሳው!»

ሁሉም አጨበጨበ። ባድሩ ምን ያድርግ? እሱም አጨበጨበ። ከዚያ ወደ ናዕማ ጎንበስ አለ። «የጠራሻቸው አንቺ ነሽ። የምታስተናግጃቸውም አንቺ ነሽ። ሁሉንም።»

ናዕማ ቅጣት መሆኑ የገባት ትንሽ ቆይታ ነው። ሳምቡሳ አዞረች። ሙዝ አዞረች። ውሃ አዞረች። ከሁሉም የባሰው ግን በአየር የተነፋው የልጆች መዝለያ ነበር። ወደ እሱ የሚገባ ልጅ ጫማውን ያወልቃል። የዘመዱ ልጆች በሙሉ ደግሞ ለኢድ ጫማ የገዙት ከማን ነው? ከባድሩ። ባድሩ ለኢድ ያስመጣው ምን ዓይነት ነው? አንድ ዓይነት! ነጭ፣ ሲረግጡት ሶሉ ቀይ የሚያበራ። መዝለያው በር ላይ የተከመረው ጫማ ሁሉ መንትያ ነበር።

«ይሄ የኔ አይደለም፣ ይጠበኛል!»

«የኔን እሷ አድርጋዋለች!»

«ሁለቱም ግራ ናቸው!»

ናዕማ ከጫማው ክምር መሀል ተነቃንቃ መውጣት አልቻለችም። ለአንዱ ጫማ አጥልቃ ስትጨርስ ሌላው ይወርዳል፤ የወረደው ተመልሶ ይገባል። ሰኪና አጠገቧ አንድ የሙዝ ሣጥን ገልብጣ ተቀምጣ አገጯን በእጇ ደግፋለች። አጎት አቡበከር ሁለት ጊዜ መጥቶ «ነይ በሽክርክሪቱ እኔ ላውጣሽ» ብሏታል።

«ከናዕማ ጋር ነው የምወጣው» አለች ሁለቱንም ጊዜ።

«እሷ እኮ ሥራ ይዛለች።»

«እጠብቃታለሁ።»

ግማሽ ሰዓቱ ካለቀ ቆይቷል። ባድሩ ሰዓቱን እያየ ተነስቶ እንሂድ የሚል ምልክት ሲያሳይ እማማ ሻሺቱ ከሽክርክሪቱ ወንበር ላይ ሆነው አዩት። አዎ፣ ከሽክርክሪቱ ላይ። የሚንቀሳቀሰውን ወንበር አግኝተውታል፤ ከዘራቸውን እንደ ባንዲራ እያወዛወዙ ነው።

«የጠራ ሰው እንግዳውን ጥሎ ይሄዳል እንዴ? ቁጭ በል!»

ባድሩ ቁጭ አለ። እማማ እንደገና ዞሩ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘነበለች። ናዕማ ቀና ስትል ጥበቃውን አየችው። ያው ያለፈው ዓመቱ ሰው ነው፤ ያንኑ ሰንሰለት ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ በሩ እየሄደ ነው። ሰኪናም አይታዋለች። አላለቀሰችም። ከሣጥኑ ላይ ተነስታ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች፤ ልክ ልትሄድ እንደተዘጋጀ ትልቅ ሰው።

ናዕማ ሁለት ግራ ጫማ በእጇ እንደያዘች ወደ አባቷ ሮጠች።

«አባዬ፣ ዋሽቻለሁ» አለች። «አስተካክያለሁ» አላለችም። «የፈለግከውን ቅጣኝ። ግን ለራሴ ብዬ አይደለም። አምና በሩ ላይ ስታለቅስ ለሰኪና ቃል ገብቼላት ነበር። ይኸው እኔን ስትጠብቅ አንድም ነገር አልተጫወተችም።»

ባድሩ ሰኪናን አያት። የተገለበጠውን ሣጥን አየ። ከዚያ ጫማዎቹን ከናዕማ እጅ ወስዶ ሄደና ክምሩ መሀል ቁጢጥ አለ። አንዱን ብድግ አድርጎ ቁጥሩን ለማየት ሶሉን እንኳ ሳይገለብጥ የአንዱን ልጅ እግር አየ፤ ልክክ። ሌላውን አነሳ፤ ልክክ። ድምፅ ቢኖረው ኖሮ ዋጋ መጥራት ይጀምር ነበር።

«ሂዱ» አለ ቀና ሳይል። «ስልኬን ግን ዳግመኛ በእጅሽ አትነኪያትም።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው በረሩ። ሽክርክሪቱ ላይ ሲወጡ እማማ ሻሺቱ እየወረዱ ነበር። «ወገብ ያፍታታል!» አሏቸው።

ወንበሩ ቀስ ብሎ ተነሳ። መጀመሪያ የኢሱዙው ጣሪያ ወደ ታች ቀረ፣ ቀጥሎ የሲቀላ ቆርቆሮ በሙሉ። ላይኛው ጫፍ ሲደርሱ ሰኪና አንገቷን አስግጋ አየች። ዓባያ ሐይቅ ወተት እንደገባበት ሻይ ቀልቶ ተኝቷል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላው ሐይቅ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል።

«አምና ቢሆን ይሄን ያህል አይታይም ነበር» አለች ሰኪና። «አጭር ነበርኩ።»

ናዕማ ሳቀችና ወደ ታች አየች። አባቷ በጫማ ተከቦ መሬት ላይ ተቀምጧል። ልጆቹ ፊቱ ተሰልፈዋል፤ ጫማ ያጠለቀው ሁሉ ሶሉን ለማብራት ዙሪያውን እየዘለለ ነው። እሱም ይስቃል፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚንቀጠቀጥበት ሳቅ። ጥበቃው ሰንሰለቱን አጠገቡ አስቀምጦ የዘቢደርን ሳምቡሳ ይዟል፤ ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም።

ሽክርክሪቱ መሬት ሊነካ ሲል የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ እጁን ወደ ማቆሚያው ዘረጋ። ባድሩ ከሩቅ አየው። ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ አሁንም አየር ብቻ ወጣ። ስለዚህ በአንድ እጁ ነጭ ጫማ እንደያዘ የሌላኛውን እጁን ጣት ወደ ሰማይ ቀስሮ አዞረው። «ድገማቸው» ማለቱ ነበር።

ሰውዬው እጁን መለሰ። ወንበሩ እንደገና ተነሳ።

«ናዕማ፣ ስንት ሰዓት ቀረን?» አለች ሰኪና።

ናዕማ ወደ ታች አየች። የአባቷ ጣት አሁንም ትዞር ነበር።