በበረኪና የታጠበችው ከረጢት

ከረጢቷን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። አባቴ ቤት ሄጄ የትራሱን ልብስ ልቀይር ስል ከሥሩ አገኘኋት፤ መዳፍ የምታክል፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋች፣ ውስጧ ደረቅ ቅጠል የሞላባት። እናቴ ናት የሰፋቻት። አንድ ጥጓ ላይ ቡናማ እድፍ ነበረባት፤ እኔ ደግሞ እድፍ አይቼ ማለፍ አልችልም። ታናሽ እህቴ «በረኪና» ብላ ስም ያወጣችልኝ በከንቱ አይደለም። ቅጠሉን ደፋሁ፣ ጨርቁን ዘፈዘፍኩ፣ ፈተግኩ። እድፉ ሲለቅ እንዴት ደስ እንዳለኝ ሳስበው አሁንም በራሴ እናደዳለሁ።

አባቴ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተታትና «ንጹሕ ሆናለች» ብሎ ትራሱ ሥር መለሳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከምሳ በኋላ ጋደም ማለቱን ተወ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ስትቀበር እንኳ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

ስለ እርሻው የነገረችኝ እህቴ ናት። ከከተማ ወጣ ብሎ መልካም ሽታ ያላቸውን ቅጠላ ቅጠሎች የሚያበቅሉ፣ የእጅ ሥራም የሚሸጡ ሴቶች አሉ። «ሂጂና እግራቸው ላይ ውደቂ» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴን አሳፍሬ ሄድኩ። ባዶዋን ከረጢት ደረት ኪሱ ውስጥ ይዟታል።

ባለ እርሻዋ ቦት ጫማ ያደረጉ፣ ወሬ የማይሰለቻቸው ሴትዮ ናቸው። የእያንዳንዱን ቅጠል የትውልድ ሐረግ ሳይቆጥሩ አያልፉም። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ አባቴ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ይሰማቸዋል። መደቦቹ በድንጋይ ታጥረዋል፤ በየጫፋቸው ስም የተጻፈበት እንጨት ተተክሏል። ናናው ከመደቡ አምልጦ መንገዱን ይዞታል።

«የኛም እንዲህ እያመለጠ ያስቸግራት ነበር» አለ አባቴ።

ጓሯችን ድቅን አለብኝ። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የደንበኛ ሥራ ስትጨርስ፣ ክር ቀሚሷ ላይ እንደተጣበቀ፣ በዛገ የወተት ጣሳ የተከለቻቸውን ቅጠሎች ታጠጣለች። እኔና እህቴ ዓይናችንን ታስረን «ይሄ የምን ሽታ ነው?» እየተባባልን እንጫወታለን። ሁልጊዜ የምሸነፈው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ስለ አፍንጫዬ የሳቁብኝን ሳቅ ዛሬ ብሰማው ምን አለበት።

«ከረጢቷ ውስጥ ምን ምን ነበር?» አሉ ባለ እርሻዋ።

«የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ፣ ናና» አለ አባቴ። «ለቃሚው እኔ ነኝ፤ ሰፊዋ እሷ።»

ሴትዮዋ ከጣሪያው ሥር ከተሰቀሉት ደረቅ እስሮች በጥሰው፣ በመዳፋቸው አሽተው ከረጢቷን ሞሉለት። አባቴ አሸተተ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደስ ይላል» አላቸው። ወደ እኔ ዞሮ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «አይደለም» አለኝ። ናናውን ቀነሱ፤ በሶብላ ሞከሩ፤ ጠጅ ሳር ጨመሩ። አራት ጊዜ ተሞላች፣ አራት ጊዜ አመሰገነ፣ አራት ጊዜ አይደለም።

«ይብቃን ልጄ» አለኝ በመጨረሻ። «ቅጠሉ ያው ነው። የጎደለው የሷ እጅ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባለ እርሻዋ የእጅ ሥራውን ሳታዩ አትሄዱም ብለው ወደ አንድ ሰፊ ክፍል አስገቡን። ቅርጫት፣ ሳሙና፣ ሻማ በየመደርደሪያው ተደርድሯል። መስኮቱ ሥር አንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ የእግር ስፌት መኪናዋን ወደ ኋላ አጋድማ፣ ሆዷ ውስጥ ዘይት ጠብ ጠብ እያደረገች በጨርቅ ትጠርጋታለች። አባቴ በሩ ላይ ቀጥ አለ።

«አባዬ፣ ደከመህ?»

ዓይኑን ጨፍኗል። «ያው» አለ። «ያው እሷ።»

ሄዶ ሰፊዋ ጎን ቆመ። «ልጄ፣ ያቺን ጨርቅ እስቲ ልያት።»

«ኧረ አባባ፣ የዘይት መጥረጊያ ናት እኮ፣ ቆሻሻ ናት» አለች ልጅቷ አፍራ።

እሱ ግን ተቀብሏት አፍንጫው ላይ አደረጋት። «እናትሽ የደንበኛ ሥራ ስትጨርስ መኪናዋን ዘይት ትቀባ ነበር» አለኝ። «የራሷን ነገር የምትሰፋው ከዚያ በኋላ ነው፤ እጇን እንኳ ሳትታጠብ።»

ያ እድፍ። በበረኪና የፈተግኩት የእናቴን የአውራ ጣት አሻራ ነበር።

ፊቴን አይቶ ትከሻዬን ያዘኝ። «ከየት ታውቂዋለሽ? እኔም ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

ልጅቷ ከዘይቷ ጠብ ልታደርግለት ከረጢቷን ጠየቀችው። አባቴ ግን ወደ ደረቱ ሳባት። «የእናትሽ የስፌት መኪና የት ናት?» አለኝ።

«እኔ ቤት ናት» አልኩ፤ የቀረውን ለመናገር አፈርኩ። «ቴሌቪዥን ተሸክማለች።»

በቀጥታ ወደ ቤቴ ነዳሁ። ቴሌቪዥኑን መሬት አወረድኩት፣ ዳንቴሉን ገፈፍኩ። የዘይቷ ጣሳ መሳቢያው ውስጥ ከነክሩ ከነመርፌው ነበረች። አባቴ መኪናዋን አጋድሞ እናቴ ስታደርግ እንዳየው ጠብ ጠብ አደረገ፣ መዘውሩን በእጁ አዞረ። መጀመሪያ አንገራገረች፣ ኋላ እሺ አለች።

«አምጪ እጅሽን» አለኝ። አውራ ጣቴን ዘይት አስነክቶ ከረጢቷ ጥግ ላይ አስቀመጠው። «ጫን አድርጊው።»

ጫንኩት። አሸተታት። ሶፋዬ ላይ ጋደም ብሎ ጉንጩ ሥር አደረጋት፤ ወዲያው እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ጠበቅኩት፤ እስኪነቃ ድረስ እጄን አልታጠብኩም።