ባለቤቱ በወሰኑት መሠረት

አባቷን ስትሮክ መትቶት አልጋ በያዘ በሳምንቱ ሰነድ አረጋጋጩ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ውክልናውን አስፈረመ። ሦስቱን ከባድ መኪኖች እንድታስተዳድር፣ ባንክ የሚጨረሰውን እንድትጨርስ፣ እንድትቀጥር፣ እንድታሰናብት፤ ምን የቀረ ነገር አለ፣ ሁሉም ተጽፎበታል። አባትየው በደህናው እጁ ፈረመና «በይ እንግዲህ፣ መኪኖቹ እንዳይቆሙ» አላት። ቃሉ እየተጎተተ ነው የወጣው።

መኪኖቹ አልቆሙም። ይህን ማንም አይነጥቃትም። የኢንሹራንሱን እድሳት፣ የጎማውን ጣጣ፣ የጋራዡን ቀጠሮ ለብቻዋ ተሸክማ አራት ወር ደፋ ቀና ብላለች። ዋናው ደንበኛቸው የሲሚንቶ ፋብሪካው ነው። ኮንትራቱን ለማደስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ጋሽ ፍሬን ከመስመሩ ይውጡ።

ጋሽ ፍሬን ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላቸው ሹፌር ናቸው። ቁልቁለት ሲያዩ እግራቸው ፍሬን ላይ ስለሚያድር ስሙን ያወጡላቸው ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሌላው ሹፌር ደርሶ፣ አራግፎ፣ ተኝቶ ሲነሳ እሳቸው ገና መንገድ ላይ ናቸው። ታዲያ በሠላሳ ዓመት አንድ ከረጢት ጎድሎባቸው አያውቅም። ከአባቷ ጋር ሥራ የጀመሩት በአንድ መኪና ነው፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ ይተኛል። እሷንም ልጅ እያለች በዚያ ግዙፍ መኪና ትምህርት ቤቷ በር ላይ እያወረዱ ጓደኞቿን ያስቀኑላት ነበር።

ለሳቸው የሚሆን ሌላ መስመር አልነበረም፤ መሰናበታቸውን ጠርታ ፊት ለፊት ልትነግራቸው ይገባ ነበር። ሦስት ቀን ሞከረች፤ ሦስቱንም ቀን «ጋሼ፣ ሻይ ይጠጡ» ብላ ሸኘቻቸው። በአራተኛው ቀን ደብዳቤ ጻፈች። «በተሰጠኝ ውክልና መሠረት» ብትል እንኳ ደግ ነበር። እሷ ግን «ባለቤቱ በወሰኑት መሠረት ተሰናብተዋል» ብላ ጻፈች፣ የአባቷን ማኅተም መታችበትና በጥበቃው እጅ ላከችላቸው። ባለቤቱ ያን ቀን የወሰኑት ነገር ቢኖር ሾርባ እንደማይጠጡ ብቻ ነው።

ይጮሃሉ ብላ ጠብቃ ነበር። ጋሽ ፍሬን ግን መኪናውን አጥበው፣ ቁልፉን አስረክበው ሄዱ።

እሑድ ከሰዓት፣ አሁንም ሆስፒታል የተኛውን የአባቷን ፂም ግማሹን እንደላጨች የክፍሉ በር ተንኳኳ። ጋሽ ፍሬን ሱፋቸውን ለብሰዋል። በአንድ እጃቸው ብርቱካን በፌስታል፣ በሌላው ደብዳቤውን ይዘዋል።

«ልከራከርህ አልመጣሁም» አሉት አባቷን፣ እንደቆሙ። «የወሰንከውን ወስነሃል። ብቻ ምን እንዳጠፋሁ ንገረኝ። ሳላውቅ አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ ልበልህ። አንተ እዚህ ተኝተህ ቂም ይዘህብኝ፣ እኔ ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም።»

ደብዳቤውን ሰጡት። አባቷ በደህናው እጁ ይዞ አነበበው፤ ረጅም ጊዜ ፈጀበት። ማኅተሙን አየ። ከዚያ እሷን አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ እሱም አልወጣ አላት። ስትሮክ የመታው ሌላ ሰው፣ ምላሷ የተሳሰረው እሷ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቷ። «እኔ ነኝ የወሰንኩት። ምንም... አላጠፋህም። አርጅተሃል፣ በቃ።»

ጋሽ ፍሬን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ እውነት ነው» አሉና ብርቱካኑን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጡ። አባቷን ሳይስሙት ወደ በሩ ሄዱ። በአጠገቧ ሲያልፉ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «አንቺ አትሳቀቂ ልጄ። አንቺ ምን ታደርጊ፣ የታዘዝሽውን ነው።»

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

በሩ ሲዘጋ አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳሙናው ጉንጩ ላይ እየደረቀ ነው። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች።

«ሊፍት አይወድም» አለ ቀስ ብሎ። «በደረጃ ነው የሚወርደው። ጉልበቱንም ያመዋል። ትደርሺበታለሽ።»

ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አገኘቻቸው፤ የደረጃውን ብረት ይዘው እያረፉ ነበር።

«አባዬ አያውቅም ነበር» አለች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፋብሪካው እርስዎን ካላወጣሽ ኮንትራት የለም አለኝ። ፊትዎን እያየሁ መናገር አቅቶኝ በሱ ስም ጻፍኩት።»

ጋሽ ፍሬን ስለ ፋብሪካው አልጠየቁም፣ ስለ ሥራቸውም አልጠየቁም።

«ሳልስመው ነው እኮ የወጣሁት» አሉ።

ዞረው ደረጃውን መልሰው መውጣት ጀመሩ። ክንዳቸውን ልትደግፍ እጇን ዘረጋች። እሳቸው ብረቱን ያዙ። እሷም በየደረጃው እየቆመች ከኋላ ከኋላቸው ወጣች።