ሲጠብቅ እና ሲላላ

የሰደበው ከድሩ ነው። የሰበታው ከድሩ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ። ዓመቱ 2010፣ ወሩ መስከረም፣ ቀኑ ከመስቀል በፊት ያለው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ። ይገዙ ይህን ማንም ሳይጠይቀው ይዘረዝራል። ሰባተኛ ክፍል ላይ ካቆመው ትምህርት አብዛኛው ከጭንቅላቱ ወጥቷል፤ ያቺ ቅዳሜ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ያኔ የከድሩ ተሸካሚ ነበር። ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ዱቄቱን ከመኪና አውርዶ መጋዘን የሚያስገባው እሱ ነው። ያን ቀን ግን ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ እጮኛውን ሜሪን አስከትሎ በፊት በር ገባ። አረንጓዴ ሻርፕ ሊገዛላት ነው። ሱቁ በበዓል ገበያተኛ ጢም ብሏል። ከድሩ ከባንኮኒው ኋላ ቀና ብሎ አየውና ድምፁን ለቀቀው፦

«ይገዙ! ደግሞ በዚህ ምን አመጣህ? አንተ ትገዛለህ እንጂ መች ትገዛለህ? ዙር በጓሮ፣ ጭነት መጥቷል!»

የፊተኛውን «ትገዛለህ» አጠበቀው፣ የኋለኛውን አላላው። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ጆሮ ላይ ግን የላላው ገንዘብ አውጥቶ ዕቃ የሚወስድ ሰው ነው፣ የጠበቀው ራሱ ዕቃው ነው። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ሱቁስ ይሳቅ፣ ሜሪም ሳቀች! አፏን በእጇ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች።

ይገዙም ዞሮ በጓሮ ገባ። ጭነቱንም አወረደ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ይኸው ማውረዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ መልስ ሲያዘጋጅ ኖረ። ሜሪን አግብቶ፣ ከከድሩ ቤት ወጥቶ፣ ሰበታ አዲስ የተተከለው ብስኩት ፋብሪካ ጫኝ ሆኖ ገብቶም መልሱን አልተወም። ካርቶን በተሸከመ ቁጥር አንድ ቃል ይጨምርበታል፣ አንድ ቃል ይቀንስለታል። አሁን መልሱ እንደ ምላጭ ሆኗል፤ የቀረው ከድሩን ሰው ፊት ማግኘት ብቻ ነው።

እና ያ ቀን መጣ!

የፋብሪካው ባለቤት ማዳም ሊዮንግ ሁለተኛውን ምድጃ ሊመርቁ ከባሕር ማዶ መጡ። ግቢው ከንጋት ጀምሮ ቀውጢ ነው። ፊኛው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይወጠራል፣ የሊጡ ሽታ አጥሩን አልፎ አስፋልት ላይ ሰው ያስቆማል። ሠራተኛው ተሰልፎ የቻይንኛውን ሰላምታ «ኒ ሃው! ኒ ሃው!» እያለ ይለማመዳል። ሴትዮዋ ሽበታም፣ ቀጭን፣ ስኒከር የተጫሙ ናቸው። ከመኪና ሲወርዱ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኒ ሃው!» አላቸው። እሳቸው ከት ብለው ሳቁና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

አስተርጓሚዋ ጣቢታ እሷም እየሳቀች፣ «ቻይና ኖሬ አላውቅም ነው የሚሉት» አለች። «አገራቸው ፔናንግ የሚባል የወደብ ከተማ ነው። ድሮ እንግሊዝ ይገዛው የነበረ። ቅድመ አያታቸው ናቸው ከቻይና በመርከብ የገቡት። ልጆቻቸው የቆርቆሮ ማዕድኑን፣ ጎማውን፣ መርከቡን፣ ብስኩቱን ሁሉ ያዙት። ግማሹ የከተማው መንገድ የነሱ ሱቅ ነበር አሉ። ግን አራት ትውልድ ኖረውም ዛሬም ሰዉ ‹ቻይናዎቹ› ነው የሚላቸው።»

«እንደ እኛ በላቸዋ!» አለ ከይገዙ ጎን የቆመው ጫኙ ቲቶ። «እኔ ሰበታ ሦስት ልጅ ወልጄ ዛሬም ‹ያ የደቡቡ ልጅ› ነኝ። ሽማግሌ ሆኜም ልጅ!»

ይገዙ ግን አልሳቀም። ዓይኑ የፊት በሩ ላይ ተተክሏል። ከድሩ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጢሙን ሂና ተቀብቶ መጥቷል! ነገሩ ግልጽ ነው። ፋብሪካው ብስኩቱን ለሰበታ፣ ለቡራዩ፣ ለሱሉልታ እስከ ጫንጮ ድረስ የሚያከፋፍል አንድ ወኪል ይፈልጋል። ከድሩ እዚህ ራሱ አለ፣ ቡራዩ ልጁ ጀዋሂር፣ ሱሉልታ ልጁ አክመል ሱቅ አላቸው፤ አያቱ በአህያ የጀመሩትን ንግድ ዋና ከተማዋን ዙሪያዋን አስይዞታል። የቀረችው ይቺ ወኪልነት ናት። ከመርካቶ የመጣ አንድ ነጋዴም ለሷው ቆሟል።

ጥበቃው ግን እጁን ዘረጋ። «ኦቦ ከድሩ፣ አካም! በዚህ ዛሬ አይቻልም፣ ለእንግዳ ነው። በጓሮ ይዙሩ።»

በጓሮ! ይገዙ ቲቶን በክርኑ ጎሰመው። «ሰማህ? ንገረኝ፣ ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ተወው፣ አንተ አይገባህም!»

ገና ይህን ሳያጣጥም ጣቢታ እየሮጠች መጣች። «ጋሽ ይገዙ፣ ማዳም ይፈልጉሃል። አሁን!»

ቢሮ ሲገባ ማዳም ሊዮንግ ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ወንበርም ራሳቸው ሳቡለት። ጣቢታ ተረጎመች፦ «ቅድመ አያቴ ፔናንግ የገቡት ትከሻቸውን ብቻ ይዘው ነው። ወደብ ላይ ሩዝ ይሸከሙ ነበር። ኋላ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ዕቃዎን ላከፋፍል የሚል ሰው ሲመጣ የእንግሊዝ ሹም ዋስ ቢሆነው እንኳ አይሰሙም። የሚሸከምለትን ሰው አምጡልኝ ይላሉ። ቤታችን እስከ ዛሬ በዚሁ ነው። የመርካቶውን ሰው ተሸካሚ ትናንት ጠይቀናል፤ ስለ ሰውየው ሲጠየቅ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ዝም አለን። አንተ ለከድሩ ተሸክመሃል። ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ይገዙ ጆሮውን አላመነም። የከድሩ ነገር ምላሱ ላይ ነው! ሳቁ፣ ሻርፑ፣ ጓሮው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጋፉ። ያቺን ቅዳሜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረከላቸው፤ እጁ እየተወራጨ። «ትገዛለህ» ላይ ሲደርስ ጣቢታ አቃታት። አጠበቀች፣ አላላች፣ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ጻፈች፣ በመጨረሻ በብዙ ልፋት አስረዳች።

ማዳም ጥቂት አሰቡና፣ «የራስህ ስምስ ይጠብቃል ይላላል?» አሉት።

ይገዙን ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። አባቱ በትውልድ አገሩ በአረካ፣ እንሰቱ መሃል ቆመው ሲጣሩ ድምፃቸው መጣበት።

«ይጠብቃል» አለ ቀስ ብሎ። «አባቴ ጠበቅ አድርገው ነው የሚጠሩኝ። ይገዙለት፣ ይታዘዙለት ማለታቸው ነው።»

ያቺው መጥበቅ! ከድሩ አፍ ላይ ዕቃ ያደረገችው፣ አባቱ አፍ ላይ ጌታ ታደርገው ነበር። ሳያስበው ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ማዳም ሊዮንግ በደስታ ጠረጴዛውን መቱ። «ቅድመ አያቴንም አንድ ባለሱቅ ‹ባለ አራት እግር› ብሏቸው ነበር፤ ከብት ለማለት። ኋላ ያንኑ ሱቅ ገዙት።»

«ታዲያ ሰውየውን ምን አደረጉት?» አለ ይገዙ፣ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«እዚያው ሱቅ ቀጠሩት። ጠዋት ጠዋት ‹እንዴት አደርክ? ባለ አራት እግሩ ነኝ› ይሉት ነበር፣ እስኪሞት ድረስ! ደግ ሰው አልነበሩም፤ ግን ዋሽተው አያውቁም።» ከዚያ ሳቃቸውን ሰብስበው ዓይን ዓይኑን አዩት። «ስድቡን ሰማሁ። የጠየቅሁህ ግን ዕቃ ላይ እንዴት ነው ብዬ ነው።»

አሁን አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው። ‹ሌባ ነው› ቢል ከድሩ አለቀለት፤ የሦስቱም ከተማ ሱቆቹ የብስኩቱን ካርቶን ሳያዩ ይቀራሉ። ይገዙ አፉን ከፈተ። «ከድሩ ማለት...» አለና ቆመ። ትከሻው አስታወሰው። አንድ ክረምት፣ ዶፍ እየወረደ፣ ሾፌር ተሳስቶ ትርፍ የዘይት ካርቶን አራግፎ ሄደ። ማንም አላየም። ከድሩ ስልኩን አንስቶ ሰውየውን ፉሪ ከደረሰበት መለሰው፤ ይገዙንም እየተሳደበ ካርቶኑን ሁሉ በዝናብ መልሶ አስጫነው። ይገዙ ያን ምሽት ሙሉ ረግሞታል። ግን ካርቶኑ ያለፈው በዚሁ ትከሻ ነው፣ አላየሁም ሊል አይችልም።

«ይሳደባል» አለ። «በጣም ይሳደባል። አይሰርቅም ግን። የሰው ዕቃ እቤቱ አያሳድርም።»

ተናግሮ ሲጨርስ ንዴት የሚመጣ መስሎት ጠበቀ። የመጣው ግን ሌላ ነው። ጮቤ ርገጥ፣ ርገጥ አለው! ከድሩ፣ ያ ከድሩ፣ በእሱ በይገዙ አፍ ሊሾም ነው! ማዳም ለጣቢታ «ነገ ጠዋት ለከድሩ ንገሪው፤ ወኪላችን እሱ ነው» አሏት። ይገዙን ደግሞ እስከ በሩ ሸኙት።

ከድሩ ደጅ ቆሞ ነበር። ሙሉ ልብሱን የጓሮው አቧራ ነክቶታል። ይገዙን ሲያይ ሮጦ ክንዱን ያዘው።

«አቶ ይገዙ! ወንድሜ! ስለ እኔ ጠየቁህ አይደል? ምን አልካቸው?»

አቶ! ቲቶ ካርቶን እንደተሸከመ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጫኞቹ ሁሉ ቆመው ያያሉ። ሰው ሞልቷል፣ ከድሩ ፊቱ ነው፣ መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው።

«በአላህ ተናገር እንጂ! ልጆቼ ስልክ እየጠበቁ ነው» አለ ከድሩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺን የበዓል ሰሞን ነገር አንስተህ እንዳይሆን ብቻ... በሜሪ ፊት ያልኩህን። ቀልድ ነበር እኮ፣ አንተ። እኔም በኋላ ደስ አላለኝም።»

ያስታውሳል! ለካ እሱም ይዟት ኖሯል! ይገዙ መልሱን ፈለገው፤ ከመጀመሪያ ቃሉ በቀር አልመጣለትም፣ እሱንም ዋጠው። ወኪልነቱን ነገ ይሰማዋል። ዛሬን ደግሞ ሳይተኛ ይደር።

«አቶ ይገዙ! ኧረ ምን አልካቸው?»

ይገዙ ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። ፊኛዎቹ መሃል አልፎ፣ ጥበቃው ብድግ ብሎ እጅ ሲነሳው ራሱን ነቅንቆ፣ በፊት በር ወጥቶ ሄደ።