የፊዚክስ መምህሩ በርጩማ

አናጢው ሰው ከሰደበው ቀኑንም ሰዓቱንም አይረሳም። የፊዚክስ መምህሩ የሰደበው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በር ሊጠግን በገባበት ክፍል ውስጥ አርባ ተማሪ ፊት ነው። መምህሩ በር ከማጠፊያው ራቅ አድርገው ሲገፉት ለምን እንደሚቀል ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣለ ያስረዳል፤ ተማሪው ያዛጋል። አናጢው አላስችል ቢለው፣ «መምህር፣ በሩ እዚሁ አለ አይደል? ለምን ራሳቸው እየገፉ አያዩትም?» አለ።

«አንተ መዶሻህን ያዝ፤ ማሰቡን ለእኛ ተወው» አለው መምህሩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነውና ሳቁ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ሚስቱ «ሰውየው እኮ ረስቶታል» ባለችው ቁጥር፣ «እሱማ ይርሳ፤ የተመታሁት እኔ» ይላታል።

ዘንድሮ የእህቱ ልጅ፣ እሷም አስተማሪ ናት፣ ተማሪን በእጁ እያሠሩ ማስተማር የሚፈልጉ መምህራንን ከየትምህርት ቤቱ አሰባሰበች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ባለ አሮጌ ዕቃ ቤት ይገናኛሉ።

«አጎቴ፣ እኛ አፍ እንጂ እጅ የለንም» አለችው። «አንተ ከመጣህ ቆርቆሮ ሠሪውም ልብስ ሰፊዋም ይመጣሉ። አንተን ነው የሚያዩት።»

እያጉረመረመ ሄደ። መጋዝ እንደ እስክሪብቶ የሚጨብጡትን የመምህራኑን ጣቶች እየያዘ አቃና። «ጋሼ፣ ጋሼ» እያሉ ሲከቡት፣ ለሚስቱ አይንገራት እንጂ፣ ሳምንቱ ይረዝምበት ጀመር።

አንድ ልማድም አስለመዳቸው። ሥራ ሳይጀመር እያንዳንዱ ያበላሸውን ነገር ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ የት እንደተሳሳተ ይናገራል፤ ካላወቀው ይጠይቃል፤ የሚያውቅ ይመልሳል። መምህራኑ መጀመሪያ ስላፈሩ፣ ራሱ በወጣትነቱ ያጣመመውን መሳቢያ አምጥቶ ነው ያደፋፈራቸው።

በሦስተኛው ቅዳሜ የፊዚክስ መምህሩ በርጩማ ታቅፎ ገባ። ፀጉሩ ሸብቷል።

«ልጆች በእጃቸው ካልነኩት አይገባቸውም» አለ። «ይሄ የገባኝ በስተርጅና ነው።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አናጢው የያዘውን መላጊያ አስቀመጠ።

«እንግዲህ አትሳቁብኝ» አለ መምህሩ በርጩማውን ጠረጴዛው ላይ እያቆመ። እግሮቹ ይወዛወዛሉ። «ቀዳዳውንም እግሩንም በሚሊ ሜትር ለክቻለሁ። የሠራሁ ዕለት ጥብቅ ብሎ ነበር። በወሩ እንዲህ ሆነ።»

«ቀመሩን ተሳስተው ይሆናል» አለች የሒሳብ አስተማሪዋ። ሳቁ፤ መምህሩም አብሮ ሳቀ።

አናጢው የበርጩማውን ችግር ገና ከሩቅ አውቆታል። እግሮቹ በእርጥብ እንጨት ተሠርተው፣ ሲደርቁ ኮስሰው ነው የላሉት። ሌላ ነገር የለውም።

መምህሩ ወደ እሱ ዞረ። «ወንድሜ፣ እስኪ እርስዎ ይዩልኝ። ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም ብላኛለች የእህትዎ ልጅ።»

ዓይኑ ውስጥ ያ ሐሙስ የለም። ጭራሽ አላወቀውም። አናጢውን ያንገበገበው ይኸው ነበር፤ ቢያውቀውና ትንሽ እንኳ ቢያፍር ምናልባት ይቅር ይለው ነበር። እሱ አሥራ አንድ ዓመት የተሸከመውን ነገር ሰውየው እዚያው ክፍል ጥሎት ወጥቷል።

«አጎቴ፣ በሞቴ» አለች የእህቱ ልጅ ቀስ ብላ። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት ቆርቆሮ ሠሪውና ልብስ ሰፊዋ በሩ አጠገብ ቆመው ያዩታል፤ እሱ ከተቀመጠ ሊቀመጡ፣ ከወጣም ተከትለውት ሊወጡ።

ኋላ፣ ሁለቱም እሱን ተከትለው በመቅረታቸው ስብስቡ ፈርሶ፣ ዕቃ ቤቱ ተቆልፎ ባየ ቁጥር፣ «እንጨቱ እርጥብ ነበር» ይላል ለብቻው፤ ይህን ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጅ እንደነበር ሲያስበው ይቆጨዋል። ያን ዕለት ግን መላጊያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጎጠና በር ላይ በቆሙት በሁለቱ መካከል አልፎ ወጣ።

«ምን አጠፋሁ?» ሲል ሰማው መምህሩን ከኋላው።

መንገዱን ቀጠለ።