ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ቅሬታዎች

ልጆቼ፣ እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ይህን የምነግራችሁም እንደገባኝ ነው። በውሃ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት መስመር ከፋች ነኝ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ጠዋት ጠዋት ኮምፒዩተሩ ዛሬ ተራው የየትኛው መስመር እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ያወጣል፤ እኔ መዘውሩን አዞራለሁ። በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነው።

ወረቀቱን የሚያወጣውን ፕሮግራም የምትጠብቀው ልጅ ቆቅ ትባላለች። ስሟ አይደለም፤ ዓይኗ ስለማያርፍ ነው። አንድ ቀን ወረቀቴን ልወስድ ስገባ ፊቷ ቅጭም ብሏል።

«ምነው ልጄ?»

«ኮምፓይለሩ ነው፣ ጋሼ።»

«ማነው እሱ?»

«ሰው አይደለም። እኛ የጻፍነውን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚገለብጥ ነው። የኛው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አዲስ ወጥቷል። ልቀይር ወይስ ልተወው?»

«አሮጌው ምን አጠፋ?»

«ምንም። ግን እሱን የሚቀበል ማሽን የቀረን አንድ ብቻ ነው። እሱም ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል።»

«አመሰግናለሁ» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ! እርስዎን ማለቴ አይደለም!»

አዲሱን ሞከረችው። ወረቀቱ ወጣ፤ ግን አሮጌው አንድም ቀን ትንፍሽ ባላለበት ሥራ ላይ «ይህ ቦታ አላማረኝም» የሚል ሁለት መቶ አሥራ አራት ቅሬታ አቀረበ፤ አሥራ ዘጠኝ ገጽ። ለኃላፊያችን ወሰደችለት። እኛ መሥሪያ ቤት ቅሬታ ተብሎ የመጣ ሁሉ «ታይቷል» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ይገባል። ኃላፊው አሥራ ዘጠኙንም መታ። አላነበበም፤ ማኅተሙ ግን ጥርት ብሎ ነበር።

«ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ከሰው የመጣ አይደለም» አለችው።

«ከማንም ይምጣ፣ መልስ አግኝቷል። እስከ ሐሙስ ወስኚ፤ ወይ ይቀየር ወይ ይቅር።»

እሷም እስከዚያው ሁለቱንም ጎን ለጎን አሠራቻቸው። ሰኞ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ነበሩ። ማክሰኞም አንድ። ረቡዕ ከአዲሱ ወረቀት አንድ መስመር ጎደለ፦ ሆስፒታሉ።

ልጆቼ፣ የባለቤቴ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ ሆስፒታል ደሟን የሚያጣራ ማሽን ላይ ትተኛለች፤ ማሽኑ ያለ ውሃ አይሠራም። ረቡዕ ቀኗ ነው።

«ይኸው!» አለ ኃላፊው። «አሮጌው ይቀጥል!»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በልቤ እንደዚያው ብዬ ነበር። ቆቅ ግን ፋይሉን አስወጥታ ቅሬታውን አንድ በአንድ ማንበብ ያዘች። መቶ አሥራ ሰባተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው የሆስፒታሉን ቀን መሙላት ረስቷል። አሮጌው ኮምፓይለር ባዶ ቦታ ሲያገኝ ዝም ብሎ ዜሮ ያስቀምጣል፤ በፕሮግራሙ ዜሮ ማለት ደግሞ «በየቀኑ» ነው። አዲሱ እንዲህ አያደርግም፤ እዚያ ቦታ ከሌላ ሥራ ተርፎ የተገኘው ቁጥር ይነበባል፤ ሰኞና ማክሰኞ ዜሮ ሆኖ ገጠመ፣ ረቡዕ ሌላ ሆነ። ቦታው ባዶ መሆኑን ከነአድራሻው ጽፎ ነግሮን ነበር። በላዩ ላይ «ታይቷል» ይላል።

«ታዲያ ሆስፒታሉ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ያገኘው...» አለ ኃላፊው።

«ተረስቶ ነው» አለች ቆቅ። ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔ እያለሁ ወረቀቱ አለም አላለም ሆስፒታሉን እከፍታለሁ። ዛሬም ከፍቼ ነው የመጣሁት። ከሁለት ወር በኋላ ግን ወረቀቱን የሚያምን ሰው ይመጣል። ለእሱ ዝም የሚለው ይሻለዋል ወይስ የሚነዘንዘው?»

«የሚነዘንዘው።»

«እንግዲያው ነዝናዛውን አምጪው። ግን መጀመሪያ የሚለውን ሁሉ ስሚው።»

አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። ኃላፊው ሐሙስን በደብዳቤ አራዘመው። አብዛኛው ቅሬታ ተራ ንዝንዝ ነበር፤ ሦስቱ ግን አልነበሩም። የሆስፒታሉን ዜሮ በገዛ እጇ ጻፈችው፤ ከዚያ ቀየረች።

በተቀየረ በመጀመሪያው ረቡዕ ወረቀቱ ያለውን ብቻ ከፈትኩ፤ ከራሴ አንድም አልጨመርኩም። እኩለ ቀን ላይ ባለቤቴን ልቀበላት ሄድኩ።

«ውሃው ዛሬ እንዴት ነበር?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ውሃ ነው፣ መጣ» አለችኝ። «ይልቅ ክንዴን ያዘኝ።»

ያዝኳት።